ጥሩምባ የሚያስነሳቸው ወፎች

ዘንድሮ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል በረንዳ ላይ የእናቴን አንሶላ ሳሰጣ ከማዶ አንድ ድምፅ ሰማሁና አንሶላው ከእጄ አመለጠ። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አንሶላው ታች የጥበቃው ራስ ላይ አረፈ። «ኧረ እትዬ ጽጌ፣ በቁሜ ገነዙኝ እኮ!» ብሎ ጮኸ። እኔ ዓይኔን ከማዶ አልነቀልኩም። ከወንዙ ማዶ፣ በቆርቆሮ ታጥራ ሕንፃ ሳይሠራባት በቀረችው ማሳ ላይ፣ ግራጫ ነገሮች ቆመዋል። ረጃጅሞች ናቸው። አንዱ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ያንኑ ድምፅ ደገመው። ያንን ድምፅ ከሰማሁ ስድሳ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። እዚያው ባልዲው አጠገብ ተቀመጥኩ።

ስማቸውን ንገሪን ብትሉኝ አላውቀውም። ሰፈሩ ሁሉ ሽመላ ይላቸው ነበር። አባባ ግን «ሽመላንማ አውቀዋለሁ፤ እነዚህ ሌላ ናቸው» እያለ ይከራከር ነበር። ቁመታቸው የአንድ ልጅ ደረት ይደርሳል፤ ገላቸው ግራጫ፣ አንገታቸው ጥቁርና ነጭ ነው፤ አናታቸው ላይ አውራ ጣት የምታህል ቀይ ነገር አለች። ብርድ አገራቸው ሲበረታ እኛ ዘንድ የሚከርሙ እንግዶች ናቸው ይባላል። እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነን ስንል አይደል የምንውለው? ታሪኩን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ያኔ ቤታችን ከአስፋልቱ ወደ ወንዙ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። መንገድ አልኩት እንጂ በክረምት ጫማ የሚያስቀር ጭቃ ነው። ከጦር ኃይሎች በጋሪ የመጣ ሰው አስፋልቱ ላይ ይወርድና ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ነበር ወደ ሰፈራችን የሚገባው። አባባ ልብስ ሰፊ ነበር። አስፋልቱ ዳር አንዲት በር ተከራይቶ፣ የስፌት መኪናውን ደጃፉ ላይ አውጥቶ ሲሰፋ ይውላል። ጊዜው ታቹ የሰፋ ሱሪ የሚለበስበት ነበር። ጎረምሳው ሁሉ ጎፈሬውን አበጥሮ እየመጣ «ጋሽ ዘለቀ፣ ታቹን ሰፋ ያድርጉልኝ፣ ጫማዬን ይሸፍን» ይለዋል። አባባም «ከዚህ በላይ ከሰፋ ቀሚስ ነው የሚሆነው፤ እህትህን ላክልኝ» ይለዋል። ለአንድ ሱሪ የእጁን ሦስት ብር ይቀበላል። በሦስት ብር ስንት ነገር ነበር! ዳቦ አሥር ሳንቲም፣ ሻይ አሥር ሳንቲም። ዛሬ አሥር ሳንቲም ራሷ የት እንደገባች እንጃ። ከጎኑ ካለው ሻይ ቤት ሬዲዮው ሲዘፍን አባባ በእግሩ ምቱን ይከተላል፤ ዘፈኑ ሲፈጥን ስፌቱም ይፈጥናል። እማዬ ምሳ ስታደርስለት «ቀስ ያለ ዘፈን በወጣ ቀን የሰፋኸው ነው የማይተረተረው» ትለው ነበር። ያኔ ይሳሳቁ ነበር። አሁን እዚያ ቦታ ላይ ሕንፃ ቆሟል፤ ታቹ ሞባይል ይሸጡበታል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የስፌት መኪናው የነበረበትን ቦታ በዓይኔ እለካለሁ፤ ልጆቹም ስልክ ልትገዛ ነው ብለው «እማማ፣ ይግቡ» ይሉኛል።

ከወንዙ ማዶ ጨፌ ነበር፤ ከጨፌው አለፍ ሲሉ ደግሞ የሽምብራ ማሳ። ወፎቹ መስቀል አልፎ፣ አደይ አበባው ረግፎ፣ ብርዱ ሲጀምር ይመጣሉ። ሽምብራው ተሰብስቦ ማሳው ሲራቆት ይሄዳሉ። አባባ በማለዳ እጄን ይዞ ይወስደኛል። ከኪሱ ሽምብራ አይጠፋም፤ ይበትንላቸዋል። መጀመሪያ ላይ ይሸሹት ነበር። እያደር ግን ከዚህ እስከዚያ በር ድረስ ይጠጉት ጀመር። ሌላ ሰው ሲመጣ ይነሳሉ፤ እሱ ሲመጣ ግን ንቅንቅ አይሉም። ሁለት ሁለት ሆነው እርስ በርስ እጅ ይነሳሉ፣ ይዘላሉ፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ይሽከረከራሉ። አባባ እነሱን እያየ «እዪው ይሄን ግራጫ። መርካቶን በሙሉ ዞሬ እንዲህ ያለ ጨርቅ አጣሁ» ይለኛል። አንድ ጊዜ የሚቀራረብ ሱፍ አገኘና ለእማዬ ኮት ሰፋላት። ገበሩ ሳይቀር የተጠበበበት ኮት ነው። እማዬ አንድ ቀንም አልለበሰችውም። «የወፍ ልብስ አልለብስም» አለች። እኔ የእማዬ ኩራት ነው ብዬ ተውኩት።

አንድ ዓመት እማዬ ወንድ ልጅ ወለደች። አርባ ቀኑ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳይነሳ ሞተ። የሰፈራችን እድር ክርስትና ላልተነሳ ጨቅላ ጥሩምባ አያስነፋም፣ ድንኳንም አይተክልም፤ ደንብ ነው። አባባ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ አቅፎት፣ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ወጣ። ተመልሶ እጁን ታጠበ፤ በቃ። ሴቶቹ መጥተው እማዬን «ተይ አታልቅሺ፤ ላልተጠመቀ አይለቀስም» አሏት። ጡቷ ገና ወተት ያንጠባጥባል እኮ! ለሰው ሞት አነሰው የሚባለው እንዲህ ለሚል አፍ ነው። እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አባባ ደግሞ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ይሄድ የነበረውን በየማለዳው አደረገው። ጎህ ሲቀድ ይቀሰቅሰኝና አብረን እንሄዳለን፤ ሽምብራውን በትኖ ቁጢጥ ይላል። አንድ ጠዋት እንባው ጺሙ ላይ ሲወርድ አየሁት። ያለቀሰው እዚያ፣ ወፎቹ ፊት ነው። ቤት ውስጥ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

አሁን ስለ ጥሩምባው ልንገራችሁ፤ ጣጣውን ያመጣው እሱ ነው። የእድሩ ለፋፊ ጋሽ ደስታ የሚባል ከሲታ ሰው ነበር። ሰው የሞተ እንደሆነ ጎህ ሲቀድ ከላይ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋና የሟቹን ስም እየጠራ፣ የቀብሩን ሰዓት እየተናገረ፣ ቀስ ብሎ ቁልቁል ይወርዳል። የመጀመሪያው ጥሩምባ በእኛ ጣሪያ ላይ አልፎ ማዶ ይደርሳል። ያኔ ወፎቹ ደንግጠው ይነሳሉ፣ እየጮኹ ቤቶቻችን ላይ ይዞራሉ። ጋቢውን ተከናንቦ የተኛው ሰፈርተኛ የላዩን ጥሩምባ አይሰማም። የሚቀሰቅሰው ጣሪያው ላይ የሚጮኸው ወፍ ነው። ዓይኑን ጠራርጎ እስኪነሳ ጋሽ ደስታ ደጁ ይደርሳል። እንግዲህ ለተኛው ሰው ወፉ ቀድሞ መጣ፣ መርዶው ተከተለ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋል? ጎረቤታችን እትዬ የሺ ነበሩ ነገሩን መጀመሪያ ያወሩት። «እነዚህ ነገሮች ሞት ያያሉ» አሉ። «ከለፋፊው በፊት ነው የሚመጡት። ደግሞ ዝም ብለው አይዞሩም፤ ቀጥሎ የሚጠሩትን ሰው ጣሪያ ይመርጣሉ።» ሰፈሩ በአንድ ሳምንት አመነ። ሰው ደግ ነገር ቢሰማ ለማመን ዓመት ይፈጅበታል።

እትዬ የሺ ይህንኑ ይዘው እማዬ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። አጽናኝ ነኝ ብለው እኮ ነው! «ዛሬ እናንተ ጣሪያ ላይ ነው የዞሩት። እኔ ምን አገባኝ፣ ብቻ ንስሐ አባትሽን አስጠሪ» ብለዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። እማዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልቀምስ አለች። ሾርባ ስንሰጣት በከንፈሯ ነክታ ትመልሰዋለች። የፊቷ አጥንት ወጣ፤ የጣት ቀለበቷ ወለቀ። አባባ ሐኪም ቤት ወሰዳት፤ ሐኪሙም «በሽታ አላገኘሁባትም፣ አብሉልኝ» ብሎ መለሳት። ሰፈር ውስጥ ከጥምቀት አታልፍም ይባል ጀመር። እኔ በር ላይ ቆሜ ሴቶቹ የኔን ዕጣ ሲወያዩ እሰማለሁ፤ አክስት አላት ወይ፣ ማን ይወስዳታል፣ ገጠር ትላካለች ወይ ይላሉ።

አባባ ጨነቀው። ጋሽ ደስታን እጁን ጎትቶ አመጣው። ያ ምስኪን ጥሩምባውን እንደያዘ አልጋው ፊት ቆመ። «እቴ ሙሉ፣ በቆምኩበት እምላለሁ» አላት፤ «እኔ ስነፋ ነው የሚነሱት። ዓይኔ እያየ። ያልነፋሁ ቀን ተነስተው አያውቁም። የሰው ሞት የሚያውቁ ቢሆን ኖሮ እኔን ሥራ ያስፈቱኝ ነበር።» እማዬ ፊቷን ሳትመልስ «አባባሉ ያምራል» አለች። ጋሽ ደስታ ሲወጣ አባባ አልጋው አጠገብ ተንበረከከ። «ሰማሽ አይደል? ጥሩምባው ነው። በይ ትንሽ ቅመሺ» አላት። እማዬ «ዘለቀ፣ ወይ እነሱን ወይ እኔን» አለችው።

አባባ ሁለት ቀን ሥራ አልሠራም። በሦስተኛው ቀን ሽምብራ በጣሳ ዘፍዝፎ፣ ገበያ ወጥቶ የአይጥ መርዝ ይዞ ገባ። ያን ጠዋት እኔን አልቀሰቀሰኝም። እኔ ግን ተነስቼ ከኋላው ሄድኩ፤ ወንዙ ጋ ስደርስ ዞሮ አየኝና «ተመለሺ» አለኝ። ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር። አልተመለስኩም፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደበቅሁ። ወፎቹ ሲያዩት እንደ ልማዳቸው መጡ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይነሱ ነበር፤ እሱ ስለሆነ ቀረቡ። በተነላቸው። ለቀሙ። አባባ እንደ ወትሮው ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ። መጀመሪያ አንዱ አንገቱ ተጠመዘዘ፣ ቀጥሎ ሌላው። ለመብረር ይነሱና ይወድቃሉ፤ የሚጨፍሩ ይመስሉ ነበር። ያልበሉት ጥቂቶች የወደቁት አጠገብ ቆመው በመንቁራቸው ይነካኳቸዋል፣ ይጮኹባቸዋል፤ አይሄዱም። አባባ እስከ መጨረሻው አየ። ፊቱን አላዞረም። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑለት አይደለም፤ ስላየሁት ነው።

አንዱን በክንዱ ላይ ይዞ ወደ ቤት መጣ፤ አንገቱ ተንጠልጥሎ ጉልበቱን ይመታዋል። ከአልጋው ፊት ለፊት መሬት ላይ አስቀመጠላት። «ይኸው» አላት፤ «አለቁ።» እማዬ ከስንት ሳምንት በኋላ ወደ እኛ ዞረች። ወፉን አየች፣ አባባን አየች። ከዚያ ቀጥ ብላ ተቀመጠችና «ቅንጬ ይሠራልኝ» አለች። እትዬ የሺ እልልታቸውን አቀለጡት። ወንዶቹ እየመጡ የአባባን እጅ ጨበጡ፤ ሚስቱን ከሞት የመለሰ ተባለ። የሰፈሩ ጎረምሶች ላባ ጎፈሬያቸው ላይ ሰክተው አስፋልቱ ላይ ሲንጎማለሉ ሰነበቱ። ሥጋውን የበሉ ውሾች እስከ ማታ ድረስ እያጓሩ ሞቱ። አባባ አካፋ ይዞ ማዶ ሄደ፤ እጁን የጨበጡት ሰዎች አንዳቸውም አልተከተሉትም፤ ወፎቹን ብቻውን ቀበራቸው። የተረፉት ጥቂቶች ለቀናት ማሳው ላይ እየዞሩ ጮኹ። ጋሽ ደስታ ሲነፋም ሳይነፋም ይጮኹ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ጩኸታቸው ቀረ።

ሰፈሩ ሞት ቀረለት? አልቀረለትም። በዚያው ዓመት ራሳቸው እትዬ የሺ ያለ ምንም ወፍ ሞቱ። አባባ ማዶ መሄዱን ተወ፤ ጎህ ሲቀድ መነሳቱ ግን አልተወውም። ተነስቶ መኪናው ላይ ይቀመጥና የሚሰፋ ባይኖርም መርፌውን ያያል። ሬዲዮው ሲዘፍን እግሩ አይንቀሳቀስም። እኔን ማየትም ከበደው መሰለኝ፤ እጄን ይዞ የትም ወስዶኝ አያውቅም። ስታረጅ እንኳ እማዬ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እኔን ሊያድን ያን ሁሉ ወፍ የፈጀ ባል ነው» እያለች በኩራት ታወራ ነበር። አባባ ጉሮሮውን ይጠርግና ይወጣል። አንድ ቀን ተከትዬው ወጥቼ «አባባ፣ ለምን ዝም ትላለህ?» አልኩት። «ሆድ ይፍጀው» አለኝ። እስኪሞት ድረስ ከዚህ ሌላ አላለም። እኔ ግን ስለ እሱ ቆሽቴ አረረ። ባላዋቂ አፍ ተሞኝታ፣ የባሏን አንድ ደስታ በገዛ እጁ ያስገደለች ሴት ናት እያልኩ አደግሁ፣ አገባሁ፣ ፈታሁ፣ እያልኩም አረጀሁ። እሷም እኔን አትወደኝም። አጥባታለሁ፣ አጎርሳታለሁ፣ አገላብጣታለሁ፤ እሷ ደግሞ ስታመሰግን «እጅሽ ሻካራ ነው» ትላለች።

እናም ወፎቹ ዘንድሮ ሲመጡ ደበቅኋት። የክፍሏን መስኮት ዘግቼ፣ ሬዲዮውን ከፍ አድርጌ፣ በየጠዋቱ ብቻዬን በረንዳ ላይ ቆሜ አያቸዋለሁ። ለእሷ አዝኜ አልነበረም። ለወፎቹ ፈራሁ፤ ዘጠና ዓመት ያለፋት፣ አልጋ ላይ ያለች ሴት ምንም እንደማታደርጋቸው እያወቅሁም ፈራሁ። ባለፈው ሳምንት ታዲያ ገላዋን ሳጥባት ውኃው ቀዘቀዘ ብላ ጣሳውን ከእጄ መታ ጣለችው። «አባትሽ አሞላቅቆ አበላሽቶሽ ነው» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት በመቃብር የኖረን ሰው! በማግስቱ ጠዋት እድሩ ቀብር ሊያስነግር ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ይዞ በመንገዱ አለፈ። ጩኸቱ ማዶ ደረሰ። ወፎቹ ተነሱ፤ ወንዙን ተሻግረው፣ ያንን ጥሩምባቸውን እየነፉ፣ ሕንፃችን ላይ ዞሩ። ሮጬ ገባሁና የክፍሏን መስኮት ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

«ምንድን ነው?» አለች።

«ያንቺዎቹ ናቸው» አልኳት። «መጡልሽ።»

እስክትንቀጠቀጥ ጠበቅሁ። ስድሳ ዓመት የተጠራቀመ ነገር ነበረኝ፤ ስትፈራ ማየት ፈለግሁ። እሷ ግን ድዷ እስኪታይ ሳቀች።

«ድምፅ ማጉያው ነው ያስነሳቸው፣ አንቺ ቂል። ለፋፊው ደስታ ያኔ ነግሮኝ የለም እንዴ?»

«አምነሽው ነበር?»

«አልጋዬ ፊት ቆሞ ምሎልኝ እንዴት አላምነው?»

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። «ታዲያ ለምን አስፈጀሻቸው? ለምን በረሃብ ልትሞቺ ደረስሽ?»

«ልጄ ሞቶብኝ ተኝቻለሁ» አለች። «ጡቴ ይፈስሳል። ሰው ሁሉ አታልቅሺ ይለኛል። እሱ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ወደ እነሱ ይሄዳል። በሩን ቀስ አድርጎ ነበር የሚዘጋው፣ እንዳልነቃ። እኔ መች ተኝቼ? አንድ ቀን ይቀር እንደሆነ፣ አንድ ቀን እኔ ዘንድ ቁጭ ብሎ ያለቅስ እንደሆነ ብዬ ጠበቅሁት። ይገድላቸዋል ብዬ አላሰብኩም። ሲገድላቸው ግን ደስ አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በጣም ደስ አለኝ።»

ወፎቹ ዞረው ዞረው ማሳቸው ላይ ሲያርፉ ድምፃቸው ይሰማል። «አንሺኝ» አለች። ከኋላዋ ገብቼ ደግፌ አስቀመጥኳት፤ አጥንቷ ደረቴን ይወጋኛል። ቅርቡን አታይም፣ ሩቁን ግን አሁንም ትለያለች። አንገቷን አስግጋ ማዶውን ለረጅም ጊዜ አየች። ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው እጅ ተነሳሱና ክንፋቸውን ዘርግተው ዘለሉ።

«ያምራሉ» አለች። ከዚያ ክንዴን በዚያ ቀጭን ጣቷ ያዘችኝ። «እኔን አንድ ቀን እንኳ ነይ ብሎኝ አያውቅም» አለች። «አንቺን ግን ይወስድሽ ነበር።»